«ይነዝራል» ብላን ነበር

ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ባልቆርጠው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር።

ያለፈው ክረምት ነው። አጎቴ ለሁለት ሳምንት ወደ ደሴ ሲሄዱ አኳሪየማቸውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። አንድ ማታ ባዶ እግሬን የሳሎኑ ሴራሚክ ላይ ቆሜ፣ መስታወቱ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ ነገር ልፍቅ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ቁስሉ ላይ የሆነ ነገር ነደፈኝ። መጀመሪያ ጨዉ ያቃጠለኝ መስሎኝ ነበር። ጨው ግን ዝም ብሎ ነው የሚያቃጥለው። ይሄ እንደ ስልክ ቫይብሬሽን ድርርር ይላል። እጄን ሳወጣ ቀረ፤ መልሼ ስከት ተመለሰ።

የቤታችን ሠራተኛ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና ሳቀች። «አንተንም ነዘረህ? ስንቴ ነገርኳችሁ!»

እውነቷን ነው፣ ነግራናለች። መስታወቱን በየቀኑ የምትወለውለው እሷ ናት። አጎቴ «እጅሽን ሳታደርቂ ሶኬት ነክተሽ ይሆናላ» ብለዋት ነበር። እኔ ደግሞ፣ በኢኮኖሚክስ የተመረቅኩት ሰውዬ፣ «ዓሦቹ እየዋኙ አይደል እንዴ? ኮረንቲ ቢኖር ቀድመው ይሞቱ ነበር» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። በጣም አሳማኝ ይመስላል አይደል? ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው።

ዓሣው ለምን አይሞትም?

አጎቴ ጅዳ ውስጥ ለዓመታት ሹፌር ነበሩ። ቀይ ባሕርን ለምደው ስለመጡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ባሕር ሠሩ። 120 ሊትር ውሃ፣ ሁለት «ኔሞ» (ክላውን ፊሽ)፣ ጥቂት ድንጋይ። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ይገባል፤ ተባዝቶ ከ4 ኪሎ በላይ ጨው ማለት ነው። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ መሆን ስላለበትና የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ስለማይቻል፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ማለት ይቻላል። ማሞቂያ፣ ሁለት ፓምፕ፣ መብራት፦ አራት ገመድ ወደ አንድ ዲቫይደር።

አሁን ቮልቴጅን ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ አስቡት። ሮቶው ሞልቶ ግፊቱ ቧንቧው ውስጥ አለ፤ ቧንቧው ካልተከፈተ ግን ውሃ አይፈስም። ሰውን የሚጎዳው የሚፈሰው ነው፣ ማለትም ከረንቱ። ወፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ቆማ የማትሞተው አንድ ሽቦ ብቻ ስለነካች፣ ከረንቱ በእሷ በኩል አልፎ የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ ነው። ዓሣውም እንደዚያው። መስታወት ውስጥ ነው፣ መሬት አልነካም። ውሃው ቮልቴጅ ቢኖረውም በእሱ በኩል ወደ መሬት የሚፈስ ነገር የለም።

እኔ ግን ባዶ እግሬን ወለሉን ረግጬ እጄን ስከት ቧንቧውን ከፈትኩት። ሠራተኛችን ደግሞ ወለሉን ወልውላ እርጥቡ ላይ ቆማ በየቀኑ ስትከፍተው ነበር።

ባጭሩ፦ ዓሣው በሕይወት አለ ማለት ውሃው ሰላም ነው ማለት አይደለም።

የባሕር ውሃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ጨዋማ ውሃ ከተራ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክን የማስተላለፍ አቅሙ መቶ እጥፍ አካባቢ ይበልጣል። ስለዚህ ትንሽ ስንጥቅ ይበቃዋል። በዚያ ላይ የሚረጨው ጠብታ ሲደርቅ ጨዉ በገመዱ ላይ እየተጋገረ ወደ ሶኬቱ ይጓዛል። ያ ነጭ ነገር እርጥበት ሲያገኝ ራሱ መንገድ ይሆናል።

ሌባውን ፍለጋ

በማግስቱ ኤሌክትሪሻን ጠራን። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን የሶኬቱ ግራውንድ ላይ አደረገ። 96 ቮልት! ልቤ ቀጥ አለች።

እሱ ግን አልደነገጠም። «ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራም» አለኝ። ዲጂታል መልቲሜትር ራሱ ከረንት አይወስድም ማለት ስለሚቻል፣ ደህና ከሆነ ፓምፕ እንኳ በጥቅልሉ ምክንያት ወደ ውሃው የሚጋባውን ደካማ ቮልቴጅ ያነባል። ያኛው ሰው ሲነካው ወዲያው ይሟሽሻል፣ ከጀርባው የሚገፋው ነገር የለም። የሚፈራው ከሽቦው በቀጥታ የሚያሾልከው ነው። እሱን ለመለየት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው።

መብራቱን ነቀልን፦ 91። አንዱን ፓምፕ፦ 84። ማሞቂያውን ሲነቅል በአንዴ ወደ 11 ወረደ። የመጨረሻው ፓምፕ ሲነቀል ዜሮ። ሌባው ተያዘ።

ሁሉም ተነቅሎ ማሞቂያውን አወጣነው። የመስታወት ቱቦው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ከውስጥ ደግሞ ጤዛ። «ውሃ ስትቀይሩ ይሄንን ትነቅላላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። አጎቴ ሳይሄዱም ቢሆን ውሃ የምቀይረው እኔ ነኝ፤ ነቅዬውም አላውቅም። ግማሹን ውሃ ስቀዳ ማሞቂያው እንደጋለ አየር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ቀዝቃዛውን ውሃ እቸልስበታለሁ። የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሻይ የሚያፈላ ሰው ያውቃል። ልጅቷን ሲነዝራት የነበረው በእኔ ስንፍና ነው።

ሁለተኛ ጉድም ተገኘ። የሶኬታችን ግራውንድ ይሠራል። ዲቫይደሩም ባለ ግራውንድ ነው። በመሃል ግን ሁለት እግር ብቻ ያለው አስማሚ ሰክተንበታል። ግራውንዱ እዚያ ላይ ይሞታል። ቤታችሁን እዩት፣ ከእነዚህ አስማሚዎች ቢያንስ አንድ አታጡም።

ብሬከሩስ?

«ብሬከር አለን እኮ» አልኩት። እዚህ ላይ ነው ቁጥሩ የገባኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከር 16 አምፔር ነው፣ ማለትም 16,000 ሚሊ አምፔር። ሰው 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲያልፍበት መንዘር ይሰማዋል። ከ10 በላይ ሲሆን ጡንቻው ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። 30 እና ከዚያ በላይ ከቆየበት ትንፋሽና ልብን ያሰጋል። ብሬከሩ የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳይቃጠል ነው። ሰው የሚገድለውን መጠን ከቁጥር አያስገባውም።

ሰውን የሚጠብቀው አር ሲ ዲ የሚባለው ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ በፌዙ የሄደው ከረንት በኒውትራሉ ተመልሷል ወይ ብሎ ያነጻጽራል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከደረሰ ሰከንድ ሳይሞላ ይቆርጣል። ከ16 አምፔር ጋር ስታነጻጽሩት ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ መጠን ነው። ሲሸጥላችሁ «30 ሚሊ አምፔር» የሚል እንደተጻፈበት እዩ። «ቴስት» የሚል ቁልፍም አለው፤ በየወሩ ተጭናችሁ መቁረጡን አረጋግጡ።

አር ሲ ዲ ለመሥራት ግራውንድ የግድ አያስፈልገውም። ግን ግራውንድ ሳይኖር የሚቆርጠው ሰው ከነካ በኋላ ነው። ግራውንድ ካለ ሰው ሳይነካ ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩ።

ኢንተርኔት ላይ ሌላ ምክር ታገኛላችሁ፦ ውሃው ውስጥ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ የታይታኒየም ዘንግ መክተት። ከአር ሲ ዲ ጋር ሲሆን ጥሩ ነው። ያለ አር ሲ ዲ ግን አታድርጉት። መልቲሜትሩ ዜሮ ይላችኋል፣ እናንተም ተፈታ ትላላችሁ፤ የተበላሸው ዕቃ ግን እዚያው ሆኖ ከረንቱን በውሃው በኩል ያለማቋረጥ ወደ ዘንጉ ያፈሳል። ዓሣው አሁን በእውነት መንገድ ላይ ገባ ማለት ነው። መጀመሪያ የተበላሸውን አውጡ።

የቀረው ነጻ ነው። እጅ ከመክተት በፊት ሁሉንም መንቀል። ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላ እስኪበርድ ሩብ ሰዓት መጠበቅ። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ እንዲወጣ ማድረግ፣ ጠብታው ሶኬት ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ እንዲወርድ። ዲቫይደሩን ከአኳሪየሙ ሥር አንስቶ ግድግዳ ላይ መስቀል። የተጋገረውን ጨው መጥረግ። ደግሞ አንድ አር ሲ ዲ ላይ ሁሉንም ዕቃ አትስቀሉ። ማሞቂያው ሲያስቆርጠው ፓምፑም አብሮ ከቆመ ዓሣው አየር ያጥረዋል። እኛ ለሁለት ከፈልነው።

አኳሪየም ለሌላችሁ

«እኔ ዓሣ የለኝም» ያላችሁ አትሂዱ። የሚነዝር የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ? ስትነኩት ድርር የሚል ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ? ገላ ስትታጠቡ የሚቆነጥጥ ቦይለር? ያው ታሪክ ነው። ብዙ ቤት መፍትሔው «ጫማ አድርገሽ ጋግሪ» ነው። ጫማው ቧንቧውን ለጊዜው ይዘጋዋል እንጂ ሮቶውን አያስተካክለውም።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን አንድ ነገር አለ፦ ወጪው ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ውሳኔ ሰጪው ግድ የለውም። ለፈተና ጽፌዋለሁ፣ ፋብሪካና ወንዝ እያልኩ። ሳሎናችን ውስጥ ሲሆን አላየሁትም። ዕቃ የሚገዛው አጎቴ ናቸው፣ ብልጥ ነኝ ባዩ እኔ ነኝ፣ እጇን በየቀኑ የምታስነካው ግን እሷ ናት። ሁለቱ አር ሲ ዲዎች ተደምረው ከአንዱ ዓሣ ዋጋ አይበልጡም። ያልገዛናቸው ስላልቻልን አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እኛን አልነዘረንም።

ለአጎቴ ደውዬ ስነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዓሦቹ ደህና ናቸው?» ነበር። «ደህና ናቸው ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉ። «ልጅቷን አቅርብልኝ እስቲ» አሉ። ስልኩን ሰጠኋት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ እሷ ግን «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ ኧረ ምንም አይደል» እያለች ጨርቁን በእጇ ታጥፍ ነበር።

ምንም አይደል አልነበረም። አሁን ወር በገባ ቁጥር ቴስቱን የምትጫነው እሷ ናት። ካልቆረጠ ማንንም ሳታስፈቅድ ሁሉንም ትነቅላለች። ተስማምተናል።