የነዋሪዎች አማካሪ ጉባኤና የሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከተማ መታደስ

በዚህ ጽሑፍ ልናብራራው ያሰብነው ጉዳይ በከተማ አስተዳደር ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ታልፎ የሚቀር ነው፤ ይኸውም ደመወዝ የሌለው፥ ማዘዝ የማይችል፥ ምክር ብቻ የሚሰጥ የነዋሪዎች ጉባኤ አንድ ከተማ አሮጌ ገበያውን አፍርሶ ሲያድስ በእርግጥ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘውን ሲልቨር ስፕሪንግን ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ በዚህ ስፍራ ሁለት ታላላቅ ዕቅዶች ወድቀው ሦስተኛው ስለ ተሳካ፥ ጉባኤ በነበረበትና ባልነበረበት ጊዜ የሆነውን ማነጻጸር ይቻላል፤ ሁለተኛ፥ በስፍራው ብዙ ወገኖቻችን ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ይኖራሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ሰሜናዊ ወሰን ጋር የተያያዘ የከተማ ዳርቻ ነው። ሰው ሁሉ ከተማ ይበለው እንጂ በሕግ ዘንድ ከተማ አይደለም፤ ከንቲባ የለውም፥ የራሱ ማዘጋጃ ቤትም የለውም። የሚያስተዳድረው የሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት በእኛ አገር ቀድሞ አውራጃ ይባል ከነበረው ጋር የሚቀራረብ ግዛት ሲሆን፥ ሕዝብ የመረጠው አስተዳዳሪና ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት አለው፤ መቀመጫውም ሮክቪል ነው። እንግዲህ በደጁ ያለው መንገድ የተቆፈረበት ሰው አቤት የሚለው ከሠፈሩ ርቆ ሮክቪል ላይ ነው ማለት ነው። ካውንቲው ይህን ርቀት ለማጥበብ በየአካባቢው የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ከእያንዳንዱ ጋር የነዋሪዎች አማካሪ ጉባኤ አቋቁሟል። አባላቱን አስተዳዳሪው ይሾማል፥ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው። ከንቲባ በሌለበት ስፍራ ይህ ጉባኤ የከተማውን ፊት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሚያስተላልፈው ውሳኔ ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ይህ ልዩነት በኋላ ይጠቅመናልና እንያዘው።

ገበያው እንዴት እንደ ተነሣና እንደ ወደቀ በአጭሩ እንናገር። በ1938 በጆርጂያ ጎዳናና በኮልስቪል መንገድ መጋጠሚያ፥ መኪና ማቆሚያ ከፊቱ የተዘረጋለት የሱቆች ማዕከልና ሲልቨር የተባለው ሲኒማ ቤት በአርክቴክቱ በጆን ኤበርሰን ንድፍ ተሠሩ። በ1947 ሄክት የተባለው የዋሽንግተን ትልቅ መደብር እዚያው ቅርንጫፉን ከፈተ። ነገር ግን ለመኪና ተብሎ የተሠራ ገበያ የሚበልጥ የመኪና ስፍራ ባለው ሌላ ገበያ ተሸነፈ፤ በ1960 ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ዊተን ፕላዛ በተከፈተ ጊዜ ገዢው ወደዚያ ፈለሰ። የዋሽንግተን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰው በ1978 ነው፤ ይኸውም ገበያው ከሄደ በኋላ ባቡሩ መጣ። በ1984 ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄክትም ራሱ ወደ ዊተን ተዛወረ፤ መስኮታቸው የጨለመ ሱቆች በዋናው ጎዳና ላይ ተሰልፈው ቀሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዕቅድ በ1980ዎቹ መጨረሻ የቀረበው ሲልቨር ትራያንግል ነው። አንድ ባለገንዘብ ቢሮዎችንና በጣሪያ የተከደነ ሰፊ የገበያ አዳራሽ ሊሠራ ተነሣ፤ ነዋሪውም ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «የጨለመ መስኮት ከማየት ማንኛውም ሥራ ይሻላል» አለ፤ ከፊሉ ደግሞ የመኪናው ብዛት ሠፈራችንን ያጥለቀልቀዋል፥ አሮጌው ሲኒማ ቤትም ይጠፋል ብሎ ተቃወመ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ አዳራሹን ይሞላሉ የተባሉት ትላልቅ መደብሮችም እሺ ሳይሉ ቀሩና ዕቅዱ ሞተ።

ሁለተኛው ዕቅድ ከፊተኛው የባሰ ነበር። በካናዳ የዌስት ኤድመንተንን፥ በሚኔሶታም ሞል ኦፍ አሜሪካን የገነቡት የጌርሜዚያን ቤተ ሰቦች «አሜሪካን ድሪም» የተባለ ግዙፍ ማዕከል በ585 ሚሊዮን ዶላር እንሠራለን አሉ፤ በውስጡም ሰው ሠራሽ ማዕበል የሚነሣበት መዋኛና የበረዶ መንሸራተቻ ነበረበት። ሰው አውቶቡስና ባቡር ይዞ ወደ ሥራ በሚሄድበት ሠፈር መካከል ማዕበል ማስነሣት ለምን እንዳስፈለገ ለእኛ እስከ ዛሬ አልገባንም። የግል ገንዘቡ ባለመገኘቱ የካውንቲው አስተዳዳሪ ዳግላስ ደንከን በኅዳር 1996 ዕቅዱን አቋረጠው።

እዚህ ላይ ነው ጉባኤ ወደ ነገሩ የገባው። ደንከን ከዚህ ውድቀት በኋላ የሠፈር ማኅበራትን፥ ነጋዴዎችንና ሌሎችን ነዋሪዎች ያሰባሰበ የመሪ ኮሚቴ አቆመ። ይህ ኮሚቴ ከላይ ከተጠቀሰው ቋሚ ጉባኤ የተለየ፥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሰበሰበ ነበር። ትላንት በየስብሰባው የተሟገቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በእኛ አስተያየት ዋናው ለውጥ የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጡ ነው። በፊት ባለገንዘቡ ንድፉን ይዞ ይመጣል፥ ነዋሪውም «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ እንዲል ይጠየቃል። «እምቢ» ያለ ሰው የልማት ጠላት ተብሎ ይታያል፤ «እሺ» ያለም የማያውቀውን ነገር ፈርሞ ይሄዳል። አሁን ግን ነዋሪው አስቀድሞ መሐል ከተማው ለምን አገልግሎት እንደሚያስፈልገው እንዲናገር ሆነ፤ ንድፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የወጣውም አሳብ የተጋነነ አልነበረም። በጣሪያ የተከደነ አዳራሽ ሳይሆን ሰማይ የሚታይበት መንገድ፤ ሰው የሚሰበሰብበት አደባባይ፤ አሮጌው ሲኒማ ቤትና የ1938ቱ የሱቆች ማዕከል ሳይፈርሱ እንዲታደሱ፤ ለዕለት ኑሮ የሚጠቅሙ ሱቆች። ፎልጀር ፕራትን፥ ፒተርሰንንና አርጎን ያጣመረው ማኅበር ለሥራው ተመረጠ። በመጀመሪያ ከተከፈቱት መካከል የምግብ መደብርና የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ነበሩበት፤ ሚስማር ለመግዛት ወደ ሌላ ሠፈር መሄድ ለሰለቸው ሰው ይህ ከማዕበሉ መዋኛ ይበልጥበታል። በ2000 የጸደቀው የመሐል ከተማው መሪ ዕቅድም ባቡርና አውቶቡስን መሠረት ያደረገ፥ ንግድ ያለበት፥ ሰው የሚኖርበት፥ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፥ አረንጓዴና ለእግረኛ የተመቸ ከተማ ብሎ ስድስት መሪ አሳቦችን አስፍሯል። የዲስከቨሪ ቴሌቪዥን ኩባንያ በ2003 ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው አደረገ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሲልቨር ሲኒማ ቤት በአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት ሥር ታድሶ ተከፈተ።

ምክር ብቻ የሚሰጥን አካል ሹማምንቱ ስለ ምን ሰሙት? ይህን በደግነታቸው ብቻ መተርጎም የዋህነት ይመስለናል። ሥራው ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የመንግሥት ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ደግሞ ከነዋሪው ድምፅ የሚለምነው ምክር ቤት ነው። ባለገንዘቡም ቢሆን ጊዜ ዕዳ ይሆንበታል፤ ነዋሪው በየችሎቱና በየመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ባቀረበ ቁጥር የብድሩ ወለድ ይቆጥራል። ሲልቨር ትራያንግል ይህን ለሁሉም አስተምሯል። ስለዚህ የጉባኤው ኃይል በወረቀት ላይ ከተጻፈለት ሥልጣን ሳይሆን፥ ያለ እሱ ሲሠራ ከደረሰው ኪሣራ የመነጨ ነው። ሁለት ውድቀት ባያልፍ ኖሮ ሦስተኛው ዕቅድ ይህን ያህል ጆሮ አያገኝም ነበር ብለን እናምናለን።

በአሜሪካ ይህ ዓይነት ጉባኤ የቆየ ታሪክ አለው። የ1949ኙ የመኖሪያ ቤት ሕግ የተጎሳቆሉ ሠፈሮችን አፍርሶ ለመሥራት የፌዴራል ገንዘብ ሲፈቅድ፥ የ1954ቱ ሕግ ደግሞ ርዳታውን የሚሻ ከተማ ነዋሪዎችን እንዲያሳትፍ ግዴታ አገባ። በብዙ ከተሞች ግን ማሳተፍ ማለት ጥቂት የታወቁ ሰዎችን ሰብስቦ ማስጨብጨብ ሆነ። ሼሪ አርንስታይን የተባሉት ጸሐፊ በ1969 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ የነዋሪን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስለውታል፤ ከታች ሰውን ማታለል፥ ከላይ ሰው ራሱ መወሰኑ አለ። አስተያየት መጠየቅ አራተኛው፥ ጥቂት ሰዎችን በጉባኤ አስቀምጦ ማባበል አምስተኛው እርከን ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉን መሪ ኮሚቴ በዚህ መሰላል ላይ የት እናስቀምጠው? በ1997 አካባቢ ከአምስተኛው ከፍ ብሎ ወደ ሽርክና የተጠጋ ይመስለናል፤ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ግን ወርዷል። ጉባኤ አሳብ ሲወጠን ብርቱ ነው፤ ውል ሲፈረምና ሲፈጸም ይደክማል። ይህን በሁለት ነገር እናሳይ።

የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። በ1927 ለብሔራዊ ዘብ የተሠራ፥ ነዋሪው ለስብሰባና ለበዓል ይጠቀምበት የነበረ አሮጌ ሕንፃ ነበር። በ1998 ለአዲሱ ሥራ መኪና ማቆሚያ ተብሎ ፈረሰ፤ የታሪክ ተቆርቋሪዎች ቢቃወሙም አልተሰሙም። በምትኩ የሕዝብ አዳራሽ ይሠራል ተባለ። ሱቆቹና መኪና ማቆሚያው ቶሎ ደረሱ፤ አዳራሹና ከፊቱ ያለው የቀድሞ ወታደሮች አደባባይ የተከፈቱት ግን በ2010 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። የሚያተርፈው ክፍል ሲቀድም ለሕዝብ የተገባው ቃል ተከትሎ እንዲመጣ የሚያስገድድ አንቀጽ ከሌለ፥ ጉባኤው ማስታወስ እንጂ ማስፈጸም አይችልም። ሆኖም ባዶው ቦታ ያለ ሥራ አልተቀመጠም። በ2005 ካውንቲው ለጊዜው ብሎ ሰው ሠራሽ ሣር አነጠፈበት፤ ሕፃናትና ወጣቶች፥ ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ ሣሩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ከማናቸውም ንድፍ ይበልጥ ያ ርካሽ ሣር ከተማውን አገናኘው። አዳራሹ ሊሠራ ሲል ሣሩ ይቅርልን የሚሉ ተነሡ፤ ሣሩ ግን ተነቅሎ ጠንካራው አደባባይ ተሠራ። እኛ ከተቆጩት ወገን ነን።

ሁለተኛው የኤልስወርዝ መንገድ ነው። ይህ የአዲሱ ገበያ እምብርት የሆነ መንገድ የሕዝብ ሲሆን አያያዙ በኪራይ ለገንቢው ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። በ2007 አንድ ሰው ፎቶግራፍ ሲያነሣ የማኅበሩ ዘበኛ «ይህ የግል ስፍራ ነው» ብሎ ከለከለው። በሐምሌ 4 ቀን ብዙ ሰዎች ካሜራ አንግበው በመንገዱ ላይ ተሰለፉ፤ የካውንቲው የሕግ ጽሕፈት ቤትም መንገዱ የሕዝብ እንደ ሆነና በሕገ መንግሥቱ የተሰጠው የመናገር ነጻነት እንደሚጠበቅበት አስታወቀ። እንግዲህ ሰማይ የሚታይበት መንገድ ይሁንልን ብሎ የጠየቀው ነዋሪ፥ መንገዱ በማን ሥልጣን ሥር እንደሚሆን በውሉ ውስጥ አላየም ማለት ነው። መንገድ ሲሳል ቅርጹ ይታያል፤ ባለቤትነቱ በሥዕል ላይ አይታይም።

የቀረው ጥያቄ ጉባኤው ውስጥ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ ዋሽንግተን የተሰደዱት ወገኖቻችን በመጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን በተባለው የዋሽንግተን ሠፈር ተሰባሰቡ፤ ኪራይ እየናረ ሲሄድ ብዙዎቹ ወደ ዳርቻው ወጡ። ዛሬ በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ የሚሄድ ሰው የአማርኛ ጽሕፈት ያለበትን ማስታወቂያ ያነባል፥ እንጀራና በርበሬ ይገዛል። ሞንጎመሪ ካውንቲም በ2012 ከጎንደር ከተማ ጋር የእኅትማማችነት ውል አድርጓል። ነገር ግን የጉባኤ ስብሰባ የሚደረገው በምሽት ነው፤ ምሽት ደግሞ ምግብ ቤት የሚሞላበት፥ ታክሲ ነጂም ሥራ የሚያገኝበት ሰዓት ነው። የቤት ባለቤት የሆነ፥ ጡረታ የወጣ፥ እንግሊዝኛው የሰላ ሰው ለመቀመጥ ጊዜ አለው፤ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ግን የለውም። በዚህም ምክንያት ጉባኤው በቅን ልብ ቢሠራ እንኳ ስለ መኪና ብዛትና ስለ ፎቅ ቁመት ብዙ ይሰማል፤ ስለ ሱቅ ኪራይ የሚሰማው ጥቂት ነው። ቤቱን የያዘው ሰው መሐል ከተማው ሲታደስ የቤቱ ዋጋ ይጨምርለታል፤ ተከራዩ ነጋዴ ግን በዚያው መታደስ ኪራዩ ይጨምርበታል። ሁለቱ በአንድ ወንበር ሊወከሉ አይችሉም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዲስከቨሪ በ2018 እንደሚለቅ አስታወቀና ሄደ፤ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ላይ የተደገፉት ምሳ ቤቶች ጉዳቱን ቀመሱ። በ2022 የካውንቲው ምክር ቤት ለመሐል ከተማውና ለአጎራባች ሠፈሮች አዲስ መሪ ዕቅድ አጸደቀ፤ አጎራባቾቹ ሠፈሮች በዕቅዱ ይግቡ አይግቡ የሚለውም የጦፈ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በፌንተን መንገድ ዳር ያሉት ዝቅተኛ ሕንፃዎች፥ የሐበሻ ሱቆች ያሉባቸው ጭምር፥ በዚህ ዕቅድ ክልል ውስጥ ናቸው። ያረጀ ሕንፃ ኪራዩ ርካሽ የሆነው ስላረጀ ነው፤ በምትኩ ፎቅ ሲነሣ አዲሱን ኪራይ የትኛው እንጀራ ሻጭ እንደሚችለው በንድፉ ላይ አይጻፍም። ጉባኤው ግን አሁንም በየወሩ ይሰበሰባል፥ በሩም ክፍት ነው።