ተጨማሪ መረጃ፦ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ

ቫይታሚን ኤ ለዓይን እንደሚያስፈልግ ተምራችኋል። ሰውነታችን ከዚሁ ቫይታሚን ሬቲኖይክ አሲድ የተባለ ውህድ ይሠራል፤ ውህዱም በፅንስ ውስጥ አንዳንድ ጂኖች መቼና የት ሥራ እንደሚጀምሩ ይወስናል። የፊት አጥንቶችን የሚገነቡት ሕዋሳት የሚነሡት አንጎል ከሚሆነው ክፍል ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ተጉዘው መንጋጋና ጆሮ የሚሠሩበት ቦታ ይደርሳሉ። ውህዱ ሲበዛ ጉዟቸው ይስተጓጎላል።

በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለከባድ ብጉር የተፈቀደው አይሶትሬቲኖይን የሬቲኖይክ አሲድ ቤተሰብ ነው። በእርግዝና ወቅት መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች ጆሯቸው ያልተሟላ፣ መንጋጋቸው ያነሰ ሕፃናት ተወልደዋል። የፅንስን እድገት እንዲህ የሚያዛባ ነገር ቴራቶጅን ይባላል።

ካሮትን ግን አትፍሩ! ሰውነት በካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው በልክ ነው። የቫይታሚን እንክብል ስታገኙ ማሸጊያውን አንብቡ፦ የያዘው ሬቲኖል (በቀጥታ ቫይታሚን ኤ የሆነው) ነው ወይስ ቤታ ካሮቲን?