ማጣበቂያው ዴንቲኑን ምን ያደርገዋል?

እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮር የጥርስን ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜልን፣ በፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ማሻከር ሙሌት አጥብቆ እንዲይዝ እንደሚያደርግ አሳየ። ኢናሜል ከሞላ ጎደል ማዕድን ብቻ ስለሆነ ዘዴው ሠራ።

ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ኮላጅንና ውሃ ነው። አሲድ ሲነካው ማዕድኑ ይሟሟና የኮላጅን መረብ ራቁቱን ይቀራል። የጤናማ ዴንቲን ግትርነት ወደ 20 ጊጋፓስካል ይጠጋል፤ ማዕድኑን ያጣው እርጥብ ኮላጅን ግን በጥቂት ሜጋፓስካል ብቻ ይለካል። የጥርስ ሐኪሙ ሙሌቱን የሚያሳርፈው በሺዎች ጊዜ በለሰለሰ ነገር ላይ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። ተመራማሪው ፉሳያማ በ1979 ዴንቲኑም በአሲድ ይታጠብ ሲል ብዙዎች ለጥርሱ ነርቭ ፈሩ። በ1982 ናካባያሺና ባልደረቦቹ ፈሳሹ የማጣበቂያ ሬዚን ወደ መረቡ ሰርጎ ሲጠጥር ከኮላጅኑ ጋር አንድ ድብልቅ ንብርብር እንደሚሠራ አሳዩ። ለእኔ የዘርፉ ትልቁ እጥፋት ይህ ነው፤ የለሰለሰው ዴንቲን ጉልበቱን በከፊል የሚያስመልስበት መንገድ ተገኘ። ግን መረቡ በአየር ከደረቀ ቃጫዎቹ ተጣብቀው ይተኛሉ፣ ሬዚኑም መግቢያ ያጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዴንቲኑን እርጥብ አድርጎ ማጣበቅ የተለመደው ለዚህ ነው።

በ1994 ሳኖና ባልደረቦቹ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ገደማ በሆኑ ናሙናዎች የመጎተት ጥንካሬን መለካት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የቁጥር ፉክክር ነገሠ። አብዛኛው ልኬት የሚወሰደው ናሙናው ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው፤ ለዓመታት ለሚታኘክበት ጥርስ ይህ ምን ይነግረናል?

ፓሽሊና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ጥያቄውን አከበደው። ማዕድኑ የወጣለት ዴንቲን በሰው ሠራሽ ምራቅ ውስጥ 250 ቀን ሲቆይ፣ ባክቴሪያ ሳይነካው ኮላጅኑ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። የበላው በዴንቲኑ ውስጥ የነበረ የራሱ ኢንዛይም ነው። ሬዚን ያልደረሰበት የመረቡ ክፍል ሁሉ ለዚህ ጥቃት የተጋለጠ ነው።

አንዳንድ የቅርብ ጊዜ ማጣበቂያዎች ታዲያ ማዕድኑን ጠርገው አያወጡትም። በውስጣቸው ያለው ኤምዲፒ የተባለ ውህድ ዴንቲኑን በስሱ ያሻክርና ከቀረው ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ኮላጅኑ ማዕድኑን እንደለበሰ ስለሚቆይ ግትርነቱም ያን ያህል አይወድቅም። እኔ የምመርጠው ይህን አቅጣጫ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ቁጥሩ ቢያንስ እንኳ።