ጉልበት ክር ሲቃኝ

የክራር ተጫዋች ከሜጀር ትዝታ ወደ ማይነር ትዝታ ለመሻገር የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው። ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱን፣ ሚንና ላን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ሥራው ትንሽ ይሁን እንጂ ዜማው ይቆማል። እጅ ከክሩ ተነሥቶ ወደ ቀንበሩ ይሄዳል፣ መቃኛው ይዞራል፣ ክሩ ይነካል፣ ይደመጣል፣ መቃኛው እንደገና ይዞራል። በዚህ ምክንያት ቅኝት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው በአንድ ዘፈንና በሌላው መካከል ነው።

ይህ ችግር የክራር ብቻ አይደለም። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነውና በጁባ ጎዳናዎች ላይ በመጫወት የጀመረው የኑዌር ሙዚቀኛ ጎርደን ኮአንግ የሚታወቅበት ቶምም የክራር ዘመድ ነው። ኮአንግ አገሩን ጥሎ አውስትራሊያ ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 «ዩኒቲ» የተባለውን አልበሙን ያወጣው ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ነው። ቀንበር ላይ በታሰረ ክር የሚጫወት ሁሉ አስቀድሞ በቃኛቸው ድምፆች ይወሰናል። ዜማውን ሳያቋርጥ ክሩን መልሶ መቃኘት ቢያስፈልገው ሦስተኛ እጅ ያሻዋል።

ፔዳል ስቲል ጊታር ለዚህ የሰጠው መልስ ጉልበት ነው። መሣሪያው ጠረጴዛ ይመስላል፤ ተጫዋቹ ከፊቱ ይቀመጣል። የተለመደው ዓይነት አሥር ክር አለው። ግራ እጅ ድፍን ብረት ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ይመታል፣ ግራ እግር ሦስት ፔዳሎችን ይረግጣል፣ ቀኝ እግር የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል። ሁለቱ ጉልበቶች ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠሉ አራት ወይም አምስት ማንሻዎችን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይገፋሉ። አንዱ ማንሻ ሲገፋ አንድ ወይም ሁለት ክር ድምፁን ይለውጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በብረት እያንሸራተቱ የመጫወት ስልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከሃዋይ የመጣ ሲሆን፣ ጀማሪው ጆሴፍ ኬኩኩ እንደሆነ ይነገራል። ፔዳል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዌብ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1954 ገናና ባደረገው «ስሎውሊ» በተሰኘው ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ ክሩ ገና እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ረገጠ። አድማጭ የሰማው ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው እየተሳበ የሚሄድ ልቅሶ የመሰለ ዜማ ነበር። ቅኝትን መቀየር ዝግጅት መሆኑ ቀርቶ የዜማው አካል ሆነ። የጉልበት ማንሻዎች በዚያው ዘመን ተጨመሩ፤ እንደ ባዲ ኤመንስ ያሉ ተጫዋቾችም መሣሪያውን ራሳቸው እየሠሩ አሻሻሉት።

መሣሪያው ተገልብጦ ሥሩ ሲታይ የምሕንድስናው ነገር ይገለጣል። ማንሻው አንድ መሽከርከሪያ ዘንግ ያዞራል። በዚህ ዘንግ ላይ ቀዳዳ ያለው አጭር ክንድ ታስሯል። ከክንዱ ቀዳዳ አንድ ቀጭን ረጅም ብረት ተነሥቶ እስከ መሣሪያው ቀኝ ጫፍ ይዘልቃል። እዚያ ክሩ የሚያርፍባት «ጣት» የምትባል ተንቀሳቃሽ ብረት አለች፤ ቀጭኑ ብረት ይህችን ጣት ይስባል። በብረቱ ጫፍ ላይ ከውጭ በቁልፍ የምትዞር ትንሽ ዳዶ አለች። ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ደግሞ ተስቦ ሲለቀቅ በሞላ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብረት ክሩን ምን ያህል ይጎትተዋል? የክር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በክብደቱና በውጥረቱ ነው። ርዝመቱና ክብደቱ ሳይለወጡ ድምፁን በግማሽ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ 12 በመቶ ያህል መጨመር አለበት፤ ለሙሉ ድምፅ ደግሞ 26 በመቶ። በፔዳል ስቲል ላይ ክሩ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በብረት ተፈጥሯዊ የመለጠጥ ባሕርይ ሲሰላ፣ አራተኛውን ክር ከሚ ወደ ፋ የሚያወጣው መሳብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጉልበት በብዙ ሴንቲ ሜትር የሚያደርገው እንቅስቃሴ ሁሉ ክሩ ጋ ሲደርስ ይህችን ታህል ይቀራል። ዳዶዋ አንድ አራተኛ ዙር ስትዞር ጆሮ ልዩነቱን የሚለየውም ለዚህ ነው።

ማስተካከሉ ቅደም ተከተል አለው፤ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ዳዶዎቹ ይላላሉ። ከዚያ ምንም ማንሻ ሳይነካ ክሮቹ በራሳቸው መቃኛ ይቃኛሉ። ቀጥሎ ማንሻው እስከ መቆሚያው ይገፋና፣ እንደተገፋ ተይዞ፣ ዳዶዋ እየዞረች የሚፈለገው ድምፅ ይመጣል። በመጨረሻ ማንሻው ተለቆ ክሩ ወደ መነሻው በትክክል መመለሱ ይደመጣል።

ነገሩ ከብስክሌት ፍሬን ጋር ይመሳሰላል። የፍሬኑ ሽቦ ከላላ እጀታው ብዙ ርቀት በከንቱ ይጓዛል፤ ከጠበቀ ደግሞ ሳይያዝ ጎማውን ያሻል። ዳዶዋ ከመጠን በላይ ከጠበቀች ጣቷን ማንሻው ሳይነካም እንኳ ከመቀመጫዋ ታነሣታለች፤ ያኔ ያልተነካው ክር ራሱ ከቅኝቱ ይወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው መቃኛውን እየነካካ ቀኑን ይጨርሳል፤ ችግሩ ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ማንሻው በእረፍት ላይ እያለ ቀጭኑ ብረት በእጅ ሲነካ ለጥቂት መንቀሳቀስ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው የሁለት ክሮች እኩል መድረስ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ቀጭን ክር አስቀድሞ በብዙ የተለጠጠ በመሆኑ ያንኑ ግማሽ ድምፅ ለመለወጥ የበለጠ መሳብ ይፈልጋል። ሦስተኛው ክር፣ ሶል ሻርፕ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ እንዲል 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል መልቀቅ ሲያስፈልገው፣ ለሁለተኛው ክር፣ ለሬ ሻርፕ፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ሁለቱ በአንድ ማንሻ ላይ ከታሰሩና ክንዶቻቸው እኩል ከሆኑ አንዱ ቀድሞ ደርሶ ሌላው እየተጎተተ ይከተላል፤ በመሃል ያለው ድምፅ ጆሮ ይወጋል። መፍትሔው በክንዱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። ቀጭኑ ብረት ከመሽከርከሪያው በራቀ ቀዳዳ ሲገባ ብዙ ይስባል፣ ጉልበትንም ያደክማል፤ በቀረበ ቀዳዳ ሲገባ ጥቂት ይስባል፣ ማንሻውም ይቀልላል። ለሁለቱ ክሮች ተገቢውን ቀዳዳ ፈልጎ እኩል እንዲደርሱ ያደረገ ባለሙያ ከሥራው ሁሉ ረቂቁን ሠርቷል።

ሦስተኛው ክር ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚበጠሰውም በዚሁ ስሌት ነው። በእረፍቱ ጊዜ እንኳ ብረቱ ሊሸከም ከሚችለው ጫና ብዙም አይርቅም፤ ፔዳሉ ደግሞ ወደ ላ ከፍ ሲያደርገው 12 በመቶ ይጨምርበታል።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፤ የረዘመ ክር ውጥረቱ ይቀንሳል። የጁባ የበጋ ቀን ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። «ጁባ ና ባሪ» በተባለው የከተማዋ ሰፈር ባለ ግቢ ውስጥ በቀትር የተቃኘ መሣሪያ ማታ አየሩ በ10 ዲግሪ ቀዝቀዝ ሲል ቢጫወቱበት፣ የመሣሪያው አካል ባይንቀሳቀስ ኖሮ፣ አምስተኛው ክር በግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር፤ አራተኛው ግን ከዚያ ባነሰ። ክሮቹ እኩል አለመንቀሳቀሳቸው ነው ነገሩን የሚያከፋው። የበጋው አቧራም ከሥር ባሉት መገጣጠሚያዎች ውስጥ ከገባ ጣቷን ወደ ቦታዋ በትክክል እንዳትመለስ ይይዛታል። ስለዚህ ዳዶ ከመንካት በፊት በብሩሽ ማጽዳትና አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይቀድማል። መሣሪያው ሊጫወቱበት በታሰበው ሰዓትና ቦታ ሙቀት መቃኘት አለበት።

ይህ መሣሪያ ለአፍሪካ ዜማ ባዕድ አይደለም። ናይጄሪያዊው ዴሞላ አዴፖጁ በኪንግ ሰኒ አዴ የጁጁ ሙዚቃ ባንድ ውስጥ ከተናጋሪ ከበሮዎች ጋር ተጫውቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ጁጁ ሙዚክ» አልበም ለዓለም ያሰማው ይህንኑ ድምፅ ነው። በ1986 ደግሞ በፖል ሳይመን «ግሬስላንድ» አልበም ላይ ተሳትፏል። በአሜሪካ የተለመደውን አካሄድ አልቀዳም፤ ማንሸራተቱን ለዮሩባ ዜማ ገዛው።

ለትዝታስ? ስሌቱ ደስ የሚል ነገር ያሳያል። አምስት ድምፅ በሁለት ኦክታቭ አሥር ክር ይሆናል፤ ፔዳል ስቲልም አሥር ክር ነው። «ዶ»ው በሲ ላይ ቢሆን የሜጀር ትዝታ ድምፆች ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ ሻርፕ፣ ፋ ሻርፕና ሶል ሻርፕ ናቸው። በመሣሪያው የተለመደ ቅኝት ውስጥ ከአሥሩ ክር ሰባቱ ሳይነኩ እነዚሁ ድምፆች ሆነው ይገኛሉ። መለወጥ ያለባቸው አራተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ብቻ ናቸው። አራተኛው ከሚ ወደ ዶ ሻርፕ ስለሚወርድ ይላላል፤ በጥቂቱ ወፈር ያለ ክር ያሻዋል።

ከዚያ ሁለት ማንሻ ይበቃል። በግራ ጉልበት ሁለተኛውና ስምንተኛው ክር ከሬ ሻርፕ ወደ ሬ ይውረዱ፤ በቀኝ ጉልበት ሦስተኛውና ስድስተኛው ከሶል ሻርፕ ወደ ሶል። ሁለቱም ሲገፉ ማይነር ትዝታ ነው፤ ሲለቀቁ ሜጀር። ሁሉም እንቅስቃሴ ወደ ታች ስለሆነ ያ ቶሎ የሚበጠሰው ሦስተኛ ክር ጫና አይጨመርበትም። በቱነር ከተቃኘ በኋላ ግን ሬ ሻርፕ ከሲ ጋር አንድ ላይ ተመትቶ በጆሮ መፈተሽ አለበት፤ ንጹሑ ሦስተኛ ድምፅ ቱነሩ ከሚያሳየው በግማሽ ድምፅ 14 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ክራሩን በጆሮው የሚቃኝ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል። የመጨረሻዋ ሩብ ዙር ዳዶ የምትዞረው በዚያ ጆሮ ነው።