"አይሆንም" የተባለው ጉበት

#ጤና

አንድ የጉበት ንቅለ ተከላ ወረፋ የሚጠብቅ ታማሚ አለ እንበል። ሌሊት ላይ ስልክ ይደወልለታል። "ጉበት ተገኝቷል። ግን የለጋሹ ዕድሜ ከ70 በላይ ነው፣ ስብም አለበት።" ይቀበል ወይስ የተሻለ ይጠብቅ? እናንተ ብትሆኑስ?

ብዙዎቻችን "እንከን ያለበትን ምን አስቸኮለኝ" እንል ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዛ ቀላል አይደለም። ኩላሊት ሲደክም ቢያንስ ዲያሊሲስ አለ። ጉበትን ለወራት ተክቶ የሚሠራ ማሽን ግን የለም፤ ወረፋ ላይ እያሉ የሚሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሐኪሞቹ ይህንን ጉበት የሚያወዳድሩት ከምርጥ ጉበት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ታማሚው ሲጠብቅ ሊደርስበት ከሚችለው ጋር ነው።

እንከን አለባቸው የሚባሉት ምን ዓይነት ናቸው? ዕድሜው ከገፋ ለጋሽ የተገኘ፣ ስብ የበዛበት፣ ወይም የለጋሹ ልብ መምታት ካቆመ በኋላ የተወሰደ። አንጎሉ ሞቶ ልቡ ገና እየመታ ካለ ለጋሽ ሲወሰድ ጉበቱ እስከ መጨረሻው ደም ያገኛል። ልብ ከቆመ ግን ለደቂቃዎችም ቢሆን ደም ያጣል፤ በተለይ የሐሞት ቱቦዎቹ ይጎዳሉ።

የተለመደው አሠራር ጉበቱን በቀዝቃዛ ፈሳሽ አጥቦ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ማቆየት ነው። ስብ የበዛበት ጉበት ይሄን ቅዝቃዜ በደንብ አይቋቋምም። ሌላው ችግር ደግሞ፣ በረዶ ላይ ያለ ጉበት ሥራ አቁሟል። በትክክል ይሠራ እንደሆነ የሚለየው ታማሚው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሐኪሞች ሲጠራጠሩ "ይቅር" የሚሉትም ለዚህ ነው።

እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በአገሪቱ ያሉ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ሁሉ አንቀበልም ያሏቸውን 31 ጉበቶች ወስደው ማሽን ላይ አደረጓቸው። ማሽኑ በሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ላይ፣ ኦክስጅን ያለው ደም ያዘዋውርባቸዋል። በቃ ጉበቱ ከሰው አካል ውጪ ሥራ ይጀምራል ማለት ነው! ከዛ ፈተና ነው፦ ደም ውስጥ የተጠራቀመውን ላክቴት በሰዓታት ውስጥ ያጸዳል? ሐሞት ያመነጫል? ደም በደንብ ይዘዋወርበታል?

22ቱ አለፉ፤ ለ22 ሰዎችም ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት ከ90 ቀን በኋላ 22ቱም ሰዎች በሕይወት ነበሩ።

ደስ ይላል አይደል? ግን ቆይ። ከ22ቱ 4ቱ ቆይቶ የሐሞት ቱቦዎቻቸው ጠበው እንደገና ሌላ ንቅለ ተከላ አስፈልጓቸዋል። ለሙከራው የተመረጡት ታማሚዎችም በጣም የከፋባቸው አልነበሩም። ስለዚህ "ማሽን ላይ የገባ ጉበት ሁሉ ይድናል" የሚል ፖስት ካያችሁ ሼር ለማድረግ አትቸኩሉ።

ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ለጋሽስ? ድሮ ብዙ ጊዜ ይተው ነበር። አሁን ቫይረሱን ከ10 ሰው ከ9 በላይ የሚፈውሱ ኪኒኖች ስላሉ፣ አንዳንድ ማዕከላት ታማሚው አውቆ ከተስማማ ይተክሉታል።

ዋናው ነገር መስማማቱ ነው። ሌሊት ስልክ ሲደወል ለማሰብ ጊዜ የለም። ወሬው መነሳት ያለበት ገና ወረፋ ሲገባ ነው፤ ታማሚውም ቤተሰቡም ሐኪሙን ሦስት ነገር ቢጠይቁ ጥሩ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ጉበት ቢመጣ ለኔ አደጋው ምንድነው? እንዴትስ ይፈተሻል? እምቢ ብዬ ብጠብቅስ ምን ሊገጥመኝ ይችላል?