በየ18 ወሩ የሚታደስ ኑሮ

በጃንዋሪ 2010 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶ ፕሬንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ፣ አስቀድመው አሜሪካ የገቡ ሄይቲያውያን ወደ ፍርስራሹ እንዳይመለሱ ተወሰነ። የተሰጣቸው ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ነው። ኮንግረስ በ1990 ያወጣው ይህ ሕግ ከመባረር ይጠብቃል፣ የሥራ ፈቃድም ያሰጣል። ዘመኑ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 18 ወር ነው። ሲያልቅ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ወይ ያድሰዋል፣ ወይ ያቋርጠዋል።

የመጀመሪያው የትራምፕ አስተዳደር በ2017 ሊያቋርጠው ሲነሳ የካሊፎርኒያና የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች አገዱት። በ2021 የባይደን አስተዳደር እንደ አዲስ ሰጠው፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የሄይቲ ፕሬዚዳንት ጆቨኔል ሞይዝ በገዛ ቤታቸው ተገደሉ። ሁለተኛው የትራምፕ አስተዳደር ጥበቃው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2026 እንዲያበቃ ወሰነ። አንድ ቀን ሲቀረው በዋሽንግተን ዳኛ አና ሬየስ ውሳኔውን አገዱት። ወደ 350,000 የሚጠጋ ሰው ያንን ቀን እየቆጠረ ነበር።

በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ሄይቲያውያን በሰላም አገራቸው መግባት ይችላሉ ሲል መግለጫ አወጣ። ያው መንግሥት ግን ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የአሜሪካ መንገደኛ አውሮፕላን ፖርቶ ፕሬንስ እንዳያርፍ ከልክሏል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኖች በጥይት ስለተመቱ ነው። ለዜጎቹም «ወደ ሄይቲ አትሂዱ» ይላል። የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው የዋና ከተማዋ አብዛኛው ክፍል በታጣቂ ወሮበሎች እጅ ነው፤ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰውም ከቀዬው ተፈናቅሏል። የገዛ አብራሪዎቹን ወደማይልክበት ከተማ እናትን ከነልጆቿ መመለስ ይቻላል የሚለውን ክርክር ልቀበለው አልችልም።

ለእነዚህ ሰዎች የሚደረገውን የድጋፍ ሥራ ለማየት ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ ጥሩ ቦታ ናት። ነዋሪዋ 60,000 አካባቢ በሆነው በዚህች ከተማ ከ12,000 እስከ 15,000 የሚገመቱ ሄይቲያውያን በፋብሪካና በመጋዘን ሥራ ገቡ። በሴፕቴምበር 2024 ትራምፕ በምርጫ ክርክር ላይ ሄይቲያውያኑ የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ የሚል ሐሰት ሲናገሩ፣ የቦምብ ዛቻ ተከትሎ ትምህርት ቤቶች ተለቀቁ። ሪፐብሊካኑ የኦሃዮ ገዥ ማይክ ደዋይን ሳይቀሩ ለሄይቲያውያኑ ቆሙ።

እንዲህ ባለው ቦታ ድጋፍ ማለት በአብዛኛው ወረቀት ነው። የሥራ ፈቃድ ቀኑ ካለፈ አሠሪ ያሰናብታል፤ መንጃ ፈቃድም ሊታደስ አይችልም። ስለዚህ ጠበቆችና በጎ ፈቃደኞች የማደሻ ቅጽ ይሞላሉ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ ያዘጋጃሉ፣ አሜሪካ ለተወለደው ልጅ ፓስፖርት እንዲወጣ ይረዳሉ። ከሁሉ የሚከብደው ውክልናው ነው፤ ወላጅ ሥራ ቦታ ላይ ቢያዝ ከትምህርት ቤት ልጁን ማን እንደሚረከብ ስም ጽፎ መፈረም።

ይህ ሁሉ ጥረት ግን መሠረታዊውን ችግር አይነካም፤ ቲፒኤስ ወደ ግሪን ካርድ አያሻግርም። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ሕጋዊ መግቢያ የገባ ሰው በቲፒኤስ ብቻ ግሪን ካርድ መጠየቅ እንደማይችል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የ1990ው ሕግ ራሱ፣ ባለ ቲፒኤሶችን ቋሚ ነዋሪ የሚያደርግ ረቂቅ በሴኔቱ የሦስት አምስተኛ ድምፅ እንዲያገኝ ያዛል። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት እንዲህ ያለ ረቂቅ ቢያሳልፍም ሴኔት ላይ ቀረ። ይቻላል ወይ ለሚል ግን ምሳሌ አለ፤ በ1998 ኮንግረስ እስከ 1995 መጨረሻ አሜሪካ ገብተው ለነበሩ ብዙ ሄይቲያውያን ለቋሚ መኖሪያ በር ከፍቷል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2022 ይህንኑ ጥበቃ አገኘች፤ እንዲያበቃ በዲሴምበር 2025 ተወሰነ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ገባ። ዋሽንግተን አጠገብ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ለኮንግረስ ተወካዩ የሚደውል አበሻ ስለ ሄይቲም ይናገር፤ ከማራዘሚያው አልፎም የ1998ቱን ዓይነት ሕግ ይጠይቅ።