ፈረሱስ ፈረስ ቢሆን?

ባለፈው ሴሚስተር በክበባችን የሙዚቃ ዝግጅት ላይ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ «አሜሪካ» የተባለውን ባንድ ዘፈን አቀረብኩ። ርዕሱ «ኤ ሆርስ ዊዝ ኖ ኔም» ነው፤ «ስም የለሽ ፈረስ» እንደ ማለት። አንድ ሰው በዚህ ፈረስ በረሃ ሲያቋርጥ ይቆይና በመጨረሻ ፈረሱን ይለቀዋል። እንዴ! በረሃ ላይ ያለ ሰው ፈረሱን ይለቃል? ስምስ ለምን አላወጣለትም?

መልሱ በእጄ ነበር፦ በአሜሪካ የአራዳ ቋንቋ «ፈረስ» ሄሮይን ማለት ስለሆነ ዘፈኑ ስለ ዕፅ ነው አልኩ። «ነው» አልኩ እንጂ «ይባላል» እንኳ አላልኩም።

ቅጂውን ለአጎቴ አሰማሁት። ዘፈኑን ያወቅሁት ከእሱ ካሴቶች ነው። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ። «ሠላሳ ዓመት የሰማሁትን ዘፈን በአምስት ደቂቃ የሱሰኛ ዘፈን አደረግሽው። ለመሆኑ ማን ነገረሽ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ለጋዜጠኝነት ተማሪ «ሲባል ሰምቼ» ማለት ያሳፍራላ!

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የዘፈኑ ደራሲ ዲዊ በኔል ሲጽፈው ዕድሜው 19 ገደማ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ ልጅ ሲሆን በወቅቱ የሚኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ዝናቡ አላባራ ሲለው በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ያያቸውን የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ በረሃዎች አስታወሰ። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ አንደኛ ሲወጣ አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች እንደ እኔው ጠርጥረው አገዱት። ደራሲው ግን ስለ በረሃና ስለ ጸጥታው እንጂ ስለ ዕፅ እንዳልጻፈ ተናግሯል። ፈረሱ ፈረስ ነበር።

ታዲያ ግራ የሚያጋባ ግጥም ሁሉ ምንም አልደበቀም ማለት ነው? አይደለም። ዶን ማክሊን በ1971 ያወጣው «አሜሪካን ፓይ» ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚወስድ እንቆቅልሽ ነው። መነሻው ግን እውነተኛ አደጋ ነው፤ በየካቲት 3 ቀን 1959 (እ.ኤ.አ.) በአዮዋ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ በዲ ሆሊና ሁለት ሌሎች ዘፋኞች ሞተዋል። ማክሊን ያኔ የ13 ዓመት ጋዜጣ አዳይ ነበር፤ መርዶውን ያየው ሊያድለው በያዘው ጋዜጣ ላይ ነው። እዚህ ላይ ወርቅ አለ። ቢሆንም ደራሲው ለብዙ ዓመታት ግጥሙን መስመር በመስመር ለመፍታት ፈቃደኛ አልነበረም። ረቂቁ በ2015 በ1.2 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሽጧል።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ለድምፅ ሲባል የተጻፈው ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1973 ያወጣውን «ብላይንድድ ባይ ዘ ላይት» ሲጽፍ ቤት የሚመቱ ቃላትን የሚደረድር መዝገበ ቃላት ይዞ ነበር። ቃሉ ቃሉን እየጠራ ይሄዳል፤ ትርጉም ከኋላ ይከተላል። ማንፍሬድ ማን ኧርዝ ባንድ ደግሞው ሲዘፍነው በ1977 አንደኛ ወጣ፤ ነገር ግን ውስጡ ያለችው የመኪና ቅጽል ስም ለብዙ አድማጭ በሰው ፊት የማይነሳ ሌላ ቃል ሆና ተሰማች። እንግዲህ ሌላው ቀርቶ ሳይጻፍ የተሰማም ግጥም አለ ማለት ነው።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ነን። ጆሯችን ሰም ሲሰማ ወርቁን ፍለጋ ይነሳል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ያጣነውን ወርቅ ራሳችን አቅልጠን ማፍሰሳችን ነው። አሁን እንግዳ ግጥም ሲገጥመኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ በትክክል ሰምቼዋለሁ? ደራሲው ምን አለ? ደራሲው ካልተናገረ ግምቴን ግምት ብዬ ማቅረብ እችላለሁ?

በሚቀጥለው ዝግጅት ሁለት ደቂቃ ለምኜ ማስተካከያ አነበብኩ። አጎቴ ቅጂውን ሰምቶ ምንም አላለም፤ ተነስቶ ካሴቱን ከፈተው።